የሚወጣው ትንፋሽ ምስክርነት፦ የማደንዘዣ መድኃኒት ልኬት ታሪክ

የሰመመን ሕክምና ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚተረከው በመድኃኒቶቹ ተራ፣ ማለትም በኤተር፣ በክሎሮፎርም፣ በሃሎቴንና በፕሮፖፎል ስም ነው፤ ከመድኃኒቶቹ ጀርባ ግን ብዙም ያልተነገረለት ሌላ ታሪክ አለ፤ እርሱም የመጠኑ ታሪክ ነው። ራሱን የሳተ ሰው «በቃኝ» ወይም «ጨምሩልኝ» ሊል ስለማይችል፣ ሰመመን ሰጪው በታካሚው አንጎል ውስጥ ምን ያህል መድኃኒት እንደ ደረሰ ከውጭ ሆኖ የሚያውቅበት ዘዴ ያስፈልገው ነበር፤ ይህን ዘዴ ለማግኘት ከመቶ ዓመት በላይ የተደረገው ፍለጋም ያረፈው ከታካሚው ሳንባ ተመልሶ በሚወጣው ትንፋሽ ላይ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ኦክቶበር 16 ቀን 1846 የጥርስ ሐኪሙ ዊልያም ሞርተን በቦስተን ከተማ በማሳቹሴትስ ጄነራል ሆስፒታል በሐኪሞች ፊት ኤተር ሲሰጥ የተጠቀመበት ዕቃ በውስጡ ኤተር የጠጣ ስፖንጅ የያዘ ክብ ብርጭቆ ነበር። ታካሚው አየሩን በብርጭቆው በኩል ይስባል፤ በሳበው አየር ውስጥ ምን ያህል የኤተር ተን እንዳለ ግን ሞርተንም ሆነ ቀዶ ጥገናውን ያከናወነው ጆን ኮሊንስ ዋረን የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም። ኤተር የሚተነው በክፍሉ ሙቀት ልክ ነው፤ በተነነ ቁጥር ደግሞ ራሱን እያቀዘቀዘ ስለሚሄድ የሚሰጠው ተን እየሳሳ ይመጣል፤ ስለዚህም በሞቃት ቀን በሚገባ ያስተኛ ዕቃ በብርድ ቀን ታካሚውን ከነሕመሙ ሊተወው ይችል ነበር።

ይህን ጉድለት ከሁሉ ቀድሞ በቁጥር የመረመረው ዛሬ ከሰመመን ይልቅ በ1854ቱ የለንደን ኮሌራ ምርመራው የሚታወቀው ሐኪም ጆን ስኖው ነው። ስኖው በ1847 አየር በየሙቀት ደረጃው ምን ያህል የኤተር ተን ሊሸከም እንደሚችል በሠንጠረዥ አስልቶ፣ ኤተሩ ሙቀቱ በታወቀ ውኃ ውስጥ ሆኖ የሚተንበትን መሣሪያ ሠራ፤ በዚያው ዓመት ባሳተመው መጽሐፍም የሰመመንን ጥልቀት በአምስት ደረጃዎች ከፈለው። ከ1848 እስከ 1851 ባወጣቸው ተከታታይ ጽሑፎች ደግሞ የበለጠ ርቆ ሄደ። የመድኃኒቱ ኃይል የሚወሰነው ደም ሊይዘው ከሚችለው የተን መጠን ውስጥ ምን ያህሉን በያዘው መሆኑን አመለከተ፤ ኤተርና ክሎሮፎርምም በሰውነት ውስጥ ከመቃጠል ይልቅ በአብዛኛው ሳይለወጡ በትንፋሽ ተመልሰው እንደሚወጡ ተከራከረ። ይህን ለማሳየት የወጣውን ትንፋሽ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ፖታሽ በሚባል ኬሚካል አስቀርቶ መልሶ እንዲተነፈስ ሲያደርግ ሰመመኑ እንደሚረዝም ተመለከተ፤ የወጣው ትንፋሽ መልሶ የሚያስተኛ ከሆነ መድኃኒቱ በውስጡ አለ ማለት ነው። በዚህ ጸሐፊ ግምት የርእሰ ጉዳዩ እውነተኛ መነሻ ይህ ሙከራ ነው፤ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ የመጡት መሣሪያዎች ሁሉ ስኖው ያረጋገጠውን ነገር በቁጥር ከመግለጽ ያለፈ ነገር አላደረጉም።

የመጠን ጉዳይ የሞትና የሕይወት ጉዳይ መሆኑ የታወቀውም በእነዚሁ ዓመታት ነው። በጃንዋሪ 1848 በሰሜን እንግሊዝ የ15 ዓመቷ ሃና ግሪነር የእግር ጣቷን ጥፍር ለማስነቀል በጨርቅ ላይ የፈሰሰ ክሎሮፎርም አሽትታ በደቂቃዎች ውስጥ ሞተች፤ የክሎሮፎርም የመጀመሪያዋ ሟች ተብላም ተመዘገበች። ስኖው ጥፋቱን የጣለው በጨርቁ ላይ ነበር፤ ከጨርቅ የሚነሣ ተን ውፍረቱ ስለማይታወቅ፣ አንድ ጥልቅ ትንፋሽ ልብን የሚያቆም መጠን ሊያስገባ ይችላል ብሎ ያምን ነበርና። ራሱ በ1853 ለንግሥት ቪክቶሪያ ክሎሮፎርም ሲሰጥ የታወቀውን ጥንቃቄ አድርጓል፤ በ1858 ከሞተ በኋላ ደግሞ ጆሴፍ ክሎቨር በ1862 ወደ 4.5 በመቶ ገደማ የክሎሮፎርም ተን አስቀድሞ ተመጥኖ የሚሞላበት ትልቅ ከረጢት አስተዋወቀ። ከረጢቱ በሰመመን ሰጪው ጀርባ ላይ የሚንጠለጠል በመሆኑ ለማየት ያስቅ እንደ ሆነ እንጂ፣ የሚሰጠው መጠን ከታወቀባቸው የመጀመሪያዎቹ መሣሪያዎች አንዱ እርሱ ነው።

ስኖው ባረፈ በዓመቱ፣ በዚያችው በለንደን፣ የፊዚክስ ሊቁ ጆን ቲንደል ከሕክምና ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው የሚመስል ምርምር ጀመረ። ቲንደል በሮያል ኢንስቲትዩሽን ቤተ ሙከራው ውስጥ የሙቀት ጨረር፣ ማለትም ዓይን የማያየውና ከቀይ ብርሃን በታች ያለው ታኅተ ቀይ ጨረር፣ በልዩ ልዩ ጋዞች በተሞላ ቱቦ ሲያልፍ ምን ያህሉ እንደሚዋጥ ለካ። ኦክስጅንና ናይትሮጅን ጨረሩን ያለ ችግር ሲያሳልፉ ካርቦን ዳይኦክሳይድና የኤተር ተን አጥብቀው እንደሚውጡት አገኘ፤ በሰው ትንፋሽ ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድም በዚሁ ዘዴ መለካት እንደሚቻል አሳየ። በአንድ ከተማ አንዱ ሐኪም ማደንዘዣው በትንፋሽ እንደሚወጣ ሲያስረዳ፣ ሌላው ሊቅ ያንኑ ተን በጨረር የሚያይበትን መንገድ አገኘ፤ ሁለቱን የሚያገናኝ መሣሪያ ግን ለአንድ መቶ ዓመት ያህል ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል አልገባም።

በመካከሉ ሙያው ከልኬት ይልቅ ወደ ዓይን አዘነበለ። ኤተር በሽቦ በተሠራ ጭንብል ላይ ጠብ እያለ በሚሰጥበት ዘመን የሰመመን ሰጪው መሣሪያ የታካሚው ሰውነት ራሱ ነበር። አሜሪካዊው ሐኪም አርተር ጉደል በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በፈረንሳይ ምድር ከአንዱ የጦር ሆስፒታል ወደ ሌላው በሞተር ብስክሌት እየተዘዋወረ በቂ ሥልጠና ያላገኙ ረዳቶችን የሚያስተምር ሰው ስለ ነበር፣ የብሌንን ስፋት፣ የዓይንን እንቅስቃሴ፣ የጡንቻን መላላትና የአተነፋፈስን ሁኔታ ከሰመመኑ ደረጃ ጋር የሚያዛምድ ሠንጠረዥ አዘጋጀ፤ በ1920ም አሳተመው። ይህ ዘዴ ለብዙ አሥርት ዓመታት ያገለገለው ያለ ምክንያት አይደለም። ራሱ የሚተነፍስ ታካሚ የገዛ ልጓሙን ይዞ ነበር፤ ሰመመኑ ሲጠልቅ ትንፋሹ ይደክማል፣ ትንፋሹ ሲደክም የሚስበው መድኃኒት ይቀንሳል፣ ሲቀንስም ተመልሶ ይቀልለታል።

ልጓሙን የበጠሰው ኩራሬ ነው። በጃንዋሪ 1942 ሃሮልድ ግሪፊዝና ኢኒድ ጆንሰን በካናዳ ሞንትሪያል፣ የደቡብ አሜሪካ አዳኞች ቀስታቸውን ከሚቀቡበት መርዝ የተዘጋጀ መድኃኒት በቀዶ ጥገና ላይ ላለ ታካሚ ሰጡ፤ ጡንቻዎቹም ያለ ጥልቅ ሰመመን ላሉ። ከአሥር ዓመት በኋላ በ1952 በኮፐንሃገን የፖሊዮ ወረርሽኝ ሲነሣ፣ ሰመመን ሰጪው ቢዮርን ኢብሰን በጉሮሮ በገባ ቱቦ አየር በእጅ እየተገፋ እንዲሰጥ አደረገ፤ ወደ 1,500 የሚጠጉ የሕክምና ተማሪዎች በፈረቃ ቦርሳ እየጨመቁ ሽባ የሆኑትን አስተነፈሱ፤ ድካሙም ቬንቲሌተር የሚባለው አስተንፋሽ ማሽን በየሆስፒታሉ እንዲስፋፋ ምክንያት ሆነ። እነዚህ ሁለት እመርታዎች ቀዶ ጥገናን እጅግ አሻሽለዋል፤ ዳሩ ግን አብረው የጉደልን ሠንጠረዥ ከጥቅም ውጭ አደረጉት። ጡንቻው የላላና ማሽን የሚያስተነፍሰው ታካሚ አይንቀሳቀስም፣ አያቃስትም፣ ትንፋሹም የራሱ ስላልሆነ የሚናገረው ነገር የለም፤ ማሽኑ መድኃኒቱን ያለ ገደብ ሲገፋበት ሊሞት፣ መድኃኒቱ ሲያንሰው ደግሞ ነቅቶ እየሰማና እየታመመ ጣቱን እንኳ ማንሣት ሳይችል ሊቀር ይችላል።

በዚህ ላይ በ1951 ቻርልስ ሳክሊንግ በእንግሊዙ የኬሚካል ኩባንያ በአይሲአይ የሠራው ሃሎቴን መጣ፤ ማይክል ጆንስተን በ1956 በማንቸስተር ለታካሚዎች ሰጠው። ሃሎቴን እንደ ኤተር በእሳት አይቀጣጠልም፤ ነገር ግን ኃይለኛ ነው። በክፍል ሙቀት ያለ ገደብ ሲተን አየሩን እስከ 32 በመቶ ገደማ ሊሞላ ሲችል፣ ለሰመመን የሚያስፈልገው ግን አንድ በመቶ አካባቢ ብቻ ነው፤ በጨርቅና በጭንብል የማይሞከር መድኃኒት ነው ማለት ነው። ሉሺየን ሞሪስ በ1952 የሠራው የመዳብ ጀበና መሰል ማትነኛና ከዚያ በኋላ የመጡት ሙቀትን ራሳቸው የሚያመጣጥኑ ቬፖራይዘሮች የሚሰጠውን መጠን በትክክል ለመወሰን አስቻሉ።

ይሁን እንጂ የሚሰጠው መጠን ከሚደርሰው መጠን ጋር አንድ አይደለም። ከቬፖራይዘሩ ሁለት በመቶ ሆኖ የወጣ ተን ወደ ሳንባ ሲገባ ደም እየጠለቀ ይወስደዋል፤ በደም ውስጥ በቀላሉ የሚሟሟ መድኃኒት ከሳንባ ቶሎ ስለሚወሰድ በሳንባ ውስጥ ያለው ክምችት ለረጅም ጊዜ ከሚሰጠው በታች ሆኖ ይቆያል። አንድ ሰው ሲያስተነፍስ መጀመሪያ የሚወጣው ከጉሮሮና ከአየር ቧንቧዎች ያለው፣ ከደም ጋር ያልተገናኘ አየር ነው፤ በመጨረሻ የሚወጣው ግን የጋዝ ልውውጥ ከሚካሄድባቸው ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች የመጣ በመሆኑ በውስጡ ያለው መድኃኒት ከደሙ ጋር ተመጣጥኗል፤ አንጎል ብዙ ደም ስለሚደርሰው ደግሞ ከአሥርና ከአሥራ አምስት ደቂቃ በኋላ ከዚሁ ጋር ይስተካከላል። ስለዚህ የትንፋሹን ማብቂያ የለካ ሰው የራስ ቅል ሳይከፍት አንጎልን ለካ ማለት ይቻላል።

ይህን ሐሳብ መለኪያ አድርጎ ያቆመው በሳን ፍራንሲስኮ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሐኪም ኤድመንድ ኤገር ነው። ኤገር ከመርከል ጋር በ1963 በውሾች ላይ፣ በ1965 ደግሞ ከሳይድማንና ከብራንድስታተር ጋር በወጣ ጽሑፍ፣ ዛሬ በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ «ማክ» እየተባለ የሚጠራውን መስፈርት አቀረበ፤ ማክ ማለት በባሕር ጠለል የአየር ግፊት የሰውነት ቆዳ በምላጭ ሲቀደድ ከታካሚዎች ግማሹ እንዳይንቀሳቀሱ የሚያደርግ በአየር ከረጢቶቹ ውስጥ ያለ የመድኃኒት ክምችት ነው። የሃሎቴን ማክ 0.75 በመቶ፣ ከእርሱ በኋላ ከመጡት ማደንዘዣዎች ደግሞ የአይሶፍሉሬን 1.15 በመቶ ገደማ፣ የሴቮፍሉሬን 2 በመቶ አካባቢ፣ የዴስፍሉሬን 6 በመቶ ሲሆን፣ ናይትረስ ኦክሳይድ የተባለው ጋዝ ግን ከ100 በመቶ በላይ ስለሚጠይቅ ብቻውን ለቀዶ ጥገና እንደማይበቃ ከቁጥሩ ይታያል። የሚገርመው በ1993 ራምፒል በአይጦች፣ አንቶኒኒና ሽዋርትዝ ደግሞ በፍየሎች ላይ ባደረጉት ሙከራ እንቅስቃሴን የሚያግደው መድኃኒቱ በአከርካሪ ሕብለ ሰረሰር ላይ የሚሠራው ሥራ መሆኑ መታወቁ ነው፤ ዓለም ለሠላሳ ዓመት ያህል የሰመመን መለኪያ አድርጎ የያዘው ቁጥር የሚናገረው በዋናነት ስለ አንጎል አልነበረም። መስፈርቱ ግን አልወደቀም፤ ንቃት የሚጠፋው ከማክ ሲሶ በሚሆን ዝቅተኛ ክምችት በመሆኑ፣ አንድ ማክ ያገኘ ሰው ብዙውን ጊዜ ንቃቱን ካጣ ቆይቷል።

መለኪያው ከተገኘ በኋላ የቀረው መሣሪያው ነበር። በ1938 ጀርመናዊው ሉፍት የቲንደልን መርሕ ለፋብሪካ ጋዞች መመርመሪያነት አውሎት ስለ ነበር፣ ከጦርነቱ በኋላ ይኸው ዘዴ ወደ ሕክምና ቤተ ሙከራዎች ገባ፤ ለየዕለቱ ሥራ ግን መሣሪያዎቹ ግዙፍና ውድ ነበሩ። በዚህ መካከል ብልሃተኛ አማራጮች ብቅ አሉ። ድሬገር የተባለው የጀርመን ኩባንያ ያቀረበው ናርኮቴስት ማደንዘዣውን ሲመጥጥ የሚላላ የሲሊኮን ላስቲክ የያዘና በላስቲኩ መላላት ልክ መርፌው የሚንቀሳቀስ ነበር፤ የስዊድኑ ኤንግስትረም መሣሪያ ደግሞ በዘይት የተቀባና የሚርገበገብ ክሪስታል ሆኖ፣ ዘይቱ ተኑን ሲጠጣ ክብደቱ ስለሚጨምር የርግብግቢቱ ፍጥነት ይቀንሳል። ሁለቱም መጠኑን እንጂ የመድኃኒቱን ማንነት አይለዩም ነበር።

በ1981 የሳን ፍራንሲስኮው ቡድን፣ ከአባላቱም ጆን ሴቨሪንግሃውስ፣ አንድ ማስ ስፔክትሮሜትር ብዙ ክፍሎችን የሚያገለግልበትን አሠራር አሳተመ። ማስ ስፔክትሮሜትር የጋዝ ቅንጣቶችን በኤሌክትሪክ ሞልቶ በክብደታቸው የሚለይ መሣሪያ ነው፤ ከየክፍሉ የተዘረጉ ቀጫጭን ቱቦዎች የትንፋሽ ናሙና ወደ አንድ ማዕከል እያመጡ በተራ ይመረመሩ ነበር። ኦክስጅኑም፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱም፣ ማደንዘዣዎቹም በየስማቸው ይነበባሉ፤ ነገር ግን ወረፋ አለ፣ ማዕከሉ ሲበላሽም ሁሉም ክፍሎች በአንድነት ይታወራሉ። በዚያው አሥርት ዓመት ማብቂያ የታኅተ ቀይ ጨረር መሣሪያዎች አንሰውና ረክሰው በየሰመመን ማሽኑ ላይ ሲቀመጡ ወረፋው አበቃ። የመጀመሪያዎቹ የሚሠሩበት 3.3 ማይክሮ ሜትር የሚሆነው የሞገድ ርዝመት ሁሉም ማደንዘዣዎች የሚውጡት በመሆኑ፣ ባለሙያው የመድኃኒቱን ስም ለመሣሪያው መንገር ነበረበት፤ ስሙ ሲሳሳት ቁጥሩም ይሳሳታል። በኋላ ከ8 እስከ 13 ማይክሮ ሜትር ባለው ክልል የሚሠሩት ግን እያንዳንዱ መድኃኒት የራሱ የመዋጥ መልክ ስላለው ማንነቱንም ራሳቸው ይለያሉ፤ ዛሬ በማሳያው ላይ በየትንፋሹ የሚታደሱት ሁለት ቁጥሮች፣ የሚሳበውና የሚወጣው፣ የዚህ ውጤት ናቸው።

እነዚህ መሣሪያዎች በመሠረቱ የሚለኩት መቶኛን ሳይሆን የተኑን ግፊት መሆኑ ለደጋ አገር ባለሙያ ልዩ ትርጉም አለው። የሃሎቴን 0.75 በመቶ በባሕር ጠለል 5.7 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ግፊት ማለት ነው፤ የአየሩ ግፊት 575 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አካባቢ በሆነባት በአዲስ አበባ ግን ያንኑ ግፊት ለማግኘት ወደ 1 በመቶ የሚጠጋ ያስፈልጋል። የተለመደው ቬፖራይዘር በከፍታ ቦታ የሚያወጣው መቶኛ በራሱ ስለሚጨምር ልዩነቱን በአብዛኛው ያካክሰዋል፤ በኤሌክትሪክ የሚሞቀው የዴስፍሉሬን ቬፖራይዘር ግን ቋሚ መቶኛ ስለሚሰጥ በደጋ ከፍ ተደርጎ ካልተከፈተ ሰመመኑ ይሳሳል።

የትንፋሽ ልኬት ከሌሎች ዘዴዎች ጋር የተፈተነው በ2008 ነው። በሴንት ሉዊስ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ ማይክል አቪዳንና ጓደኞቹ ወደ 2,000 በሚጠጉ ታካሚዎች ላይ፣ ከግንባር ላይ የአንጎል ሞገድ የሚያነበውን «ቢስ» የተባለውን መሣሪያ በትንፋሽ ውስጥ ያለው ክምችት ከ0.7 ማክ ሲያንስ ከሚጮኽ ማንቂያ ጋር አወዳደሩ፤ በቀዶ ጥገና መካከል ነቅተው የነበሩ ሰዎች በሁለቱም ወገን ሁለት ሁለት ሆኑ። በ2011 በ6,041 ታካሚዎች ላይ በወጣው ተከታይ ጥናት ደግሞ በቢስ ወገን 7፣ በትንፋሹ ወገን 2 ሰዎች መንቃታቸው ተረጋገጠ። ውድ የሆነው የአንጎል ሞገድ መሣሪያ የትንፋሹን ቁጥር አልበለጠም።

ይህ ሁሉ ግን የሚሠራው ለሚሳብ መድኃኒት ነው። በ1986 ከአይሲአይ ቤተ ሙከራ ወጥቶ ለሽያጭ የቀረበውና የእንስሳት ሐኪሙ ኢየን ግሌን የተመራመረበት ፕሮፖፎል በደም ሥር የሚሰጥ ነጭ ፈሳሽ ነው፤ ቶሎ ያስተኛል፣ ቶሎም ይለቃል፣ ማቅለሽለሽን ይቀንሳል። በፕሮፖፎል ብቻ በሚሰጥ ሰመመን ግን ሙያው ሳያስበው ወደ ሞርተን ዘመን ተመለሰ፤ የሚሰጠው መጠን እንጂ የደረሰው መጠን አይታወቅም። በ1996 የመጣው ዲፕሪፊዩዘር የተባለው ኮምፒዩተር ያለበት የመድኃኒት መግፊያ የታካሚውን ክብደትና ዕድሜ ተቀብሎ በደሙ ውስጥ ሊኖር የሚገባውን ክምችት ያሳያል፤ ቁጥሩ ግን በሌሎች ሰዎች ላይ ከተሠራ ቀመር የወጣ ግምት ነው። የደም ሥሩ መስመር ቢነቀልና መድኃኒቱ በአልጋው ላይ ቢፈስ እንኳ ማሳያው ሁሉም ደኅና እንደሆነ መናገሩን አያቆምም።

ፕሮፖፎልም ቢሆን በጥቂቱ ይተናል። በ2003 ሃሪሰንና ባልደረቦቹ በብሪታንያ በቀዶ ጥገና ላይ ካሉ ታካሚዎች ትንፋሽ ውስጥ፣ ለሚመረመረው ንጥረ ነገር ፕሮቶን በመስጠት በሚለይ ማስ ስፔክትሮሜትር፣ ፕሮፖፎልን በቀጥታ አገኙት፤ በ2007 ደግሞ በጃፓን ታኪታ፣ በጀርመን ሆርኑስ ከየቡድኖቻቸው ጋር የትንፋሹ መጠን ከደሙ ጋር አብሮ እንደሚወጣና እንደሚወርድ አሳዩ። ችግሩ የመጠኑ ማነስ ነው። ሴቮፍሉሬን በትንፋሽ ውስጥ ከመቶው ሁለት እጅ ሲሆን ፕሮፖፎል ከቢሊዮን ክፍል ጥቂት ወይም ጥቂት አሥር ክፍሎች ብቻ ነው፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ሚሊዮን እጥፍ ያህል ነው። ይህች ኢምንት መጠን ደግሞ በፕላስቲክ ላይ ስለምትጣበቅ የቬንቲሌተሩ ቱቦ ይይዛትና ቆይቶ ይለቃታል፤ በደም ውስጥም ፕሮፖፎሉ ከ97 በመቶ በላይ ከፕሮቲን ጋር ስለሚተሳሰር ወደ ሳንባ የሚሻገረው ነጻው ክፍል ብቻ ነው። ጀርመናውያን ተመራማሪዎች በ2009 በፍየሎችና በአሳማዎች ላይ ያደረጉት ንጽጽር እንኳ ከደም ወደ ጋዝ የሚሻገረው መጠን በሁለቱ እንስሳት እንደሚለያይ አመለከተ። ቬንቲሌተር ላይ ያለ ታካሚ በዚህ ረገድ የተሻለ ነው፤ ትንፋሹ መጠኑና ጊዜው የታወቀ በመሆኑ የካርቦን ዳይኦክሳይዱን ከፍታ ተከትሎ የትንፋሹን ማብቂያ ብቻ መቅዳት ይቻላል።

በ2009 ፔርልና ባልደረቦቹ በጀርመን ጌቲንገን በትንፋሽ ውስጥ ያለውን ፕሮፖፎል ለመለካት ከማስ ስፔክትሮሜትር የሚያንስና የሚረክስ ሌላ መሣሪያ ሞከሩ፤ እርሱም በአየር ማረፊያዎች ፈንጂ ለመፈለግ በሚያገለግለው መርሕ፣ የተሞሉ ቅንጣቶች በኤሌክትሪክ ኃይል በጋዝ መካከል ለመጓዝ የሚወስድባቸውን ጊዜ የሚለካ ነው። ከዚህ የመነጨ በታካሚ አጠገብ የሚቆም መሣሪያም ተሠርቷል፤ የሚሰጠው ግን በደቂቃ አንድ ያህል ቁጥር ነው።

የሚሳቡትም ማደንዘዣዎች በበኩላቸው ከቀዶ ጥገና ክፍል ወጥተው ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገብተዋል። በ2021 በጀርመንና በስሎቬንያ በቬንቲሌተር ላይ በነበሩ 301 ታካሚዎች የተደረገ ጥናት፣ ከቱቦው ጋር በተገጠመ ትንሽ ዕቃ የሚሰጠው አይሶፍሉሬን ለማረጋጋት ከፕሮፖፎል እንደማያንስ አሳይቷል፤ እዚያም የአይሶፍሉሬኑ መጠን በየትንፋሹ ማብቂያ እየተነበበ ሲስተካከል፣ በአብዛኞቹ ሆስፒታሎች የፕሮፖፎሉ መጠን የሚወሰነው ዛሬም በስሌትና በታካሚው ሁኔታ ላይ በሚያርፍ ዓይን ነው።